የቀዳም ሥዑር ሰላጣ

«ይህ ምንድን ነው?» አለች አመተ ማርያም፣ ከምግብ አዳራሹ የተመለሰውን ባዶ ሳህን ወደ መስኮቱ አዙራ።

አስተናጋጁ ጋሻዬ ሳህኑን ተቀብሎ ወደ ማጠቢያው ሊወስደው ሲል እጁን ያዘችው። ከጥቂት የእንጀራ ፍርፋሪ በቀር ሳህኑ ላይ የተረፈ ነገር አልነበረም። ጠርዙ ላይ የተለቀለቀው ቀለም ግን አላማራትም። ቀይ ሥር የሚተወው ቀለም ቀይ ነው፤ ቀጭን፣ ውኃ ሲነካው ወዲያው የሚለቅ። ይህኛው ሮዝ ነው፤ ወፈር ያለና ቅባት ያለው። በአሥራ አራት ዓመት የላሊበላ ሆቴል ወጥ ቤት ሥራዋ ቀይ ሥርን እንዲህ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው።

«ለማን ነው ያቀረብከው?»

«ለእማማ ገለቴ። ከወልዲያ ከመጡት የማኅበር ተጓዦች፣ እኒያ ስኳር ያለባቸው እናት። ሌሎቹ በሙሉ አክፍለው ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸው ብቻ ናቸው በዘጠኝ ሰዓት የሚበሉት» አለ ጋሻዬ። ቀጥሎም ደስ የሚያሰኛት መስሎት፣ «በጣም ወደውታል። ጨምርልኝ ብለውኛል» አላት።

«ከየት አንስተህ ነው የሰጠሃቸው?»

«ከፍሪጁ ነዋ! አንቺ ከሠራሽው። አቶ ታፈረ ናቸው ምስሩ ብቻውን አነሰ፣ ከሰላጣውም አድርግላቸው ያሉኝ።»

አመተ ማርያም ፍሪጁን ከፈተች። ከሦስት ሰዓት በፊት ሸፍና ያስገባቻቸው አራት ጎድጓዳ ሳህኖች እንደ ነበሩ ተደርድረዋል። ፎሶሊያው ደህና ነው። በሰናፍጭ የተሠራው አዚፋም ደህና ነው። ጥቅል ጎመኑና ካሮቱ ግን ነጭ ለብሰዋል። ቀይ ሥሩና ድንቹ ሮዝ ሆነዋል። አንድ ሰው፣ እሷ ቤቷ ሄዳ ጎኗን ባሳረፈችበት ሰዓት፣ ሁለቱ ላይ ማዮኔዝ ለውሶባቸዋል።

ማዮኔዙ ለእሁድ ጠዋት ነበር። ነገሩ ሁሉ የተነጋገሩበት፣ ያለቀ የደቀቀ ነበር። የፋሲካ ጠዋት ከቅዳሴ የተመለሰ ሰው ዶሮ ወጥ ብቻ አይበቃውም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤ ያላየ ሆድ ከጎኑ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይሻል። ይህን ሲያዘጋጁ ማደር ደግሞ የአመተ ማርያም ዕጣ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ስለጠፋ ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን የፋሲካ ሌሊት ተረኛ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። አሥራ አራት ፋሲካ የቅዳሴውን ድምፅ ከድስት ሥር ሆና ሰምታዋለች። ዘንድሮ ዘዴ ፈለገች። ቲማቲም ቀድመው ከከተፉት ውኃ ያወጣል፤ የሰላጣ ቅጠል ይጠወልጋል። ቀይ ሥርና ምስር፣ ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ ግን ሎሚና ዘይት ጠጥተው ሲያድሩ ይብሱን ይጣፍጣሉ። ሥራ አስኪያጁን ታፈረን ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ቆማ እንዲህ አለችው፦ «ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት አራት ዓይነት ሰላጣ ሠርቼ ፍሪጅ አስገባለሁ። ዶሮውን ማታ አደርሳለሁ። ሌሊቱን ላስቀድስ። ጠዋት መጥቼ ማዮኔዙን ለውሼ አቀርባለሁ።» እሺ አላት። ምክንያቱንም ነገረችው፦ ዘንድሮ ልትቆርብ ነው። የንስሐ አባቷ አባ ኢያቄም ፈቅደውላታል።

ሰላጣዎቹን የሠራችው ሳትቀምስ ነበር። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ምግብም ውኃም በአፏ አልዞረም። ጨዉን በጣቷ መጠን፣ ሎሚውን በሽታው ለካችው። ለእሷ ይህ አዲስ አይደለም፤ በሕማማት የላስታ ሴት ሁሉ የምትሠራው እንዲሁ ሳትቀምስ ነው።

የቀይ ሥሩን ሳህን አንስታ በቀጥታ ወደ ታፈረ ቢሮ ሄደች። ጋሻዬ ተከተላት። ታፈረ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል፤ ራሱ ላይ ያሰረው የጠዋቱ ቄጤማ ገና አልጠወለገም።

«አቶ ታፈረ፣ እዚህ ላይ ማዮኔዝ የለወሰ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ እንደ መኩራትም ብሎ። «ሌሊቱን በእግርሽ ቆመሽ አድረሽ ጠዋት እንቅልፍ ቢጥልሽስ? ሠላሳ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቅሽ? ቀድሜ ሥራ አቃለልኩልሽ። ማመስገን ሲገባሽ!»

«ለጾመኛ ቀርቧል።»

«ይቅረብ! ምን አለበት? የጾም ማዮኔዝ ነው።»

አመተ ማርያም የጾም ማዮኔዝ የሚባል ነገር መኖሩን ታውቃለች፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው ይላሉ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ባልዲ ነው የሚመጡት። የሚለያያቸው ባልዲው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

«ባልዲው የት አለ?»

«የኔሰው ወሰደው።»

ዘበኛው የኔሰው ባዶ ባልዲ አይቶ አያልፍም። በሙቅ ውኃ ልጥፉን ፍቆ፣ አጥቦ፣ ለውኃ መቅጃ ወደ ቤቱ ልኮታል። ከባልዲው የሚገኝ ምስክር የለም።

«የሸጠልዎት ሰውዬስ የጾም ነው አለዎት?»

«አሁን በሁዳዴ የፍስክ የሚያመጣ ነጋዴ አለ? እስቲ አስቢው!»

«አላለዎትም ማለት ነው።»

«አመተ ማርያም፣ ነገር አታርዝሚ።»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ይህ ነገር ግን ሥሩ ሲነካ መሰበር ጀመረ። ሲጀመር «ነው» ያለው ሰው፣ ሁለት ጥያቄ ሳይሞላ «ማን ያመጣል» ላይ ወርዷል። አመተ ማርያም ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ይቅመሱት። በልተው ያውቁታል፤ እንቁላል ያለበትን ከሌለበት ይለያሉ።»

«እኔ?» ታፈረ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አክፍዬ ነው እኮ!»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ ሲጠጡ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«እሱ ክኒን ለመዋጥ ነው።» ፊቱ ቀላ። «ከፈለግሽ ጋሻዬ ይቅመሰው።»

ጋሻዬ ሁለት እጁን አንስቶ ወደ በሩ አፈገፈገ። አመተ ማርያም ዘወር ብላ አየችው። ቢቀምሰውስ አኩሪ አተሩን ከእንቁላሉ በምን ይለየዋል? በዕድሜው ማዮኔዝ በልቶ የሚያውቅ አይመስላትም። ደግሞስ ምን አደረገ? የአንድ ሰው ጾም የፈረሰ እንደሆነ ለማጣራት የሌላውን ማፍረስ በየት አገር ነው ሥርዓቱ?

«ተይው አሁን» አለ ታፈረ ድምፁን አለስልሶ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሴትዮዋ በሉ፣ ጣፈጣቸው። ሳያውቅ የበላ አይጠየቅበትም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። በይ ሂጂና ዶሮሽን እይ።»

ሳህኑን አንስታ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ከትናንት ስግደት ወዲህ ረሃቡን ረስታዋለች። የሚያቃጥላት ንዴት ነው። ከሁሉ ያንገበገባት የሻዩ ነገር ነበር። ለሰው ጾም ቅንጣት ያልተጨነቀ ሰው፣ ለራሱ የውሸት ጾም እንዲህ መሰሰቱ! እማማ ገለቴን ደግሞ ታውቃቸዋለች። ሐሙስ ለት እዚሁ ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ብዙ ተጫውተዋል። የኩልመስክ ሰው ናቸው፤ ስኳሩ ከጠናባቸው ወዲህ ነው ወልዲያ ልጃቸው ዘንድ የገቡት። «ሐኪሙ ሰውነትሽ ተጎድቷል፣ በቀን አንድ እንቁላል ብዪ አለኝ» ብለዋት ነበር። «ከፋሲካ በፊት ብትገድለኝም አልበላም አልኩት። ልጄም ተቆጣ፣ ምራቴም አለቀሰች። ይኸው አልሞትኩም!» ብለው ስቀዋል። የንስሐ አባታቸው በዘጠኝ ሰዓት ጥቂት እንዲቀምሱ ያዘዟቸውም በስንት ልመና ነው።

አሁን እኒያ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ሁለተኛ ሳህን ይጠብቃሉ።

አመተ ማርያም አሰበች። ሁለተኛውን ሳህን ከአዚፋው ሞልቶ መላክ ይቻላል። የመጀመሪያውስ? እንቁላል ከሆነና ዝም ካለች፣ እኒህ እናት ዛሬ ሌሊት ጾሜን ፈጸምኩ ብለው እልል ሲሉ እሷ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። ካልሆነና በጥርጣሬ ከነገረቻቸው ደግሞ የሃምሳ አምስት ቀን ልፋታቸውን በከንቱ መርዛባቸዋለች። ማወቅ አለባት። ሳህኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ፣ ራሷ ያደረገችው ሎሚና ነጭ ሽንኩርት፣ ሽታውን ሁሉ ውጦታል። በምላስ ካልሆነ በሌላ አይለይም። ቀምሶ መትፋትም ያው መቅመስ ነው፤ ሊቆርብ ለተዘጋጀ ሰው አፍ መጉመጥመጥ እንኳ አይፈቀድለትም።

«አመቴ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ጋሻዬ፣ ማንኪያውን ስታነሳ አይቶ። «ልትቆርቢ አልነበር?»

«ነበር።»

ማንኪያውን አፏ ውስጥ አስገባችው። ሁለት ቀን የደረቀ ምላስ ላይ ሎሚው እንደ እሳት ነደደ። ከሎሚው ኋላ ዘይቱ መጣ፤ ከዘይቱ ኋላ ያ ወፍራም፣ ድሮ ቱሪስት በነበረ ጊዜ በየቀኑ በእጇ እየመታች የሠራችው፣ በእንቅልፏም የማትስተው ጣዕም መጣ። አላመጠች። ዋጠች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«እንቁላል ነው» አለች።

ጋሻዬ አማተበ።

እማማ ገለቴ መስኮቱ አጠገብ፣ ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩአት ፊታቸው በራ።

«እሰይ ልጄ! ራስሽ መጣሽልኝ? ቀይ ሥሩን ምን አድርገሽው ነው? ቅዱስ ላሊበላን፣ እንዲህ ሸጋ የጾም ምግብ ቀምሼ አላውቅም!»

አመተ ማርያም ከፊታቸው ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ሁለታችንም ገድፈናል።»

«ምን አልሽ?»

«ሰላጣው ላይ እንቁላል ያለበት ነገር ገብቶበታል። እኔ ሳልኖር ነው የገባው። የጾም ነው ስላሉኝ፣ እርግጡን ለማወቅ አሁን ቀመስኩት። እንቁላል ነው።»

እማማ ገለቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አመጡ። «ሐኪሙ ብዪ ብሎኝ እንቢ ያልኩትን?» አሉ።

«አዎ።»

«በቀዳም ሥዑር?»

«አዎ፣ እማማ።»

አሮጊቷ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ብርጭቆው ዘለለ። «ሃምሳ አምስት ቀን!» አሉ። «እኔ ለፈጣሪዬ የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ? ከብት የለኝ፣ መሬት የለኝ፣ ጉልበት የለኝ። ይችው ጾሜ ነበረች። እሷንም እንዲህ በጭልፋ ቀማችሁኝ?» እንባቸው መጣ፤ ቁጣቸው ግን ከእንባቸው በለጠ። «ዝም ብትዪኝስ ምን ነበረበት? እያየሽ ዝም ብትዪኝ?»

ይህን ጥያቄ አመተ ማርያም ራሷም ስትፈራው ነበር። «ጨምሩልኝ ብለው ላኩብኝ» አለች። «ሁለተኛውን ሳህን በየትኛው እጄ ላቅርብልዎ?»

እማማ ገለቴ ቁልቁል አዩአት። ጉንጯ ላይ ያልተጠረገውን እንባ፣ የደረቀ ከንፈሯን፣ የከንፈሯን ጠርዝ የነካውን ሮዝ ቀለም አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

«አንቺ ዛሬ ሌሊት ልቆርብ ነው ብለሽኝ አልነበር ሐሙስ ለት?»

«ብዬዎት ነበር።»

«እና ቀመስሽ?»

«ሳላውቅ ልነግርዎ ፈራሁ።»

አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት፤ በኃይል፣ ሊቆጧት የፈለጉ ይመስል። በዚህ መሃል ታፈረ በፈገግታ ታጅቦ ደረሰ። ጋሻዬ ነግሮት መሆን አለበት።

«እማማ፣ ትንሽዬ ስህተት ናት» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ባለሱቁ ነው ያሳሳተን። እሷም ብትሆን ነገሩን አጋነነችው እንጂ...»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እማማ ገለቴ እስኪጨርስ አልጠበቁትም።

«አንተ ቀምሰኸዋል?»

«አይ... እኔ እንኳ አክፍዬ ነው።»

«እሰይ» አሉት። «እንግዲያ ጾምህን ይቀበልልህ።»

ታፈረ አሜን ሊል ከንፈሩን አላቀቀና ተወው። እማማ ገለቴ አመተ ማርያምን «ደጅ እጠብቅሻለሁ» ብለው፣ ምርኩዛቸውን አንስተው ሲነሱ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከዚያ አመተ ማርያምን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ወጥ ቤቱ መራ። በሩን ከመለሰ በኋላ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው።

«ያለፈው አለፈ። እንግዲህ መቁረቡም ቀረ አይደል? ከቀረ አይቀር ሌሊቱን እዚሁ ሁኚና ሥራውን ጨርሺ። ሄደሽስ ምን ታደርጊያለሽ? ጠዋት ካንቺ መዘግየት እኔም እገላገላለሁ።»

ያለው ይህንኑ ነው። ያፈረም አይመስልም። አመተ ማርያም አሥራ አራት ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እሳቱ ላይ የተጣደው ትልቁ የዶሮ ወጥ ድስት ይንተከተካል። ወደ ድስቱ ሄዳ አንድ ሁለቴ አማሰለች። ሽርጧን ፈታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ነጠላዋን ተከናነበች። ከዚያ ማማሰያውን አንስታ ወደ ታፈረ መጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ።»

«ምንድን ነው? ወዴት ነው?»

«መጀመሪያ አባ ኢያቄም ዘንድ፣ ከእማማ ጋር። ከዚያ ደጀ ሰላሙ ላይ አብረን ቆመን እናድራለን። ከመቁረብ እንጂ ከማስቀደስ የከለከለኝ የለም።»

«ድስቱን ማን ሊጠብቀው? እኔ ወጥ መሥራት መች አውቃለሁ?»

«ከሥሩ እንዳይዝብህ አሁንም አሁንም አማስለው።» በሩን ስትከፍተው እማማ ገለቴ ደጁ ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ይጠብቋታል። ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። የበሩን መድረክ ከመሻገሯ በፊት ግን አንድ ነገር ቀርቷት ዘወር አለች።

«ጨው ገና ነው፤ ቀምሰህ ጨምርበት» አለችው።